ጭረት እንዴት ስንጥቅ ይሆናል? ከመኪና መስታወት ጀርባ ያለው ታሪክ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። መኪና የሚነዳ ወይም በየቀኑ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ቢጨርሰው አይቆጭም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አቡጀዲ ሻጭ ጨርቅ ሲቀድ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በክንዱ ይለካና ጠርዙን በመቀስ የጥፍር ያህል ቆረጥ ያደርገዋል። ከዚያ መቀሱን አስቀምጦ በሁለት እጁ ይይዝና ጭርርር! ሦስት ሜትር ጨርቅ ቀጥ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ያቺ በመቀስ የተነካች ቦታ ባትኖር ግን ያንን ጨርቅ ጎረምሳ ተሰብስቦ ቢጎትተው በቀላሉ እሺ አይልም።

የመስታወት ቆራጭም ሥራ ይኸው ነው። "ቆራጭ" እንለዋለን እንጂ መስታወቱን አይቆርጠውም። ማስመሪያ አስደግፎ በአልማዙ አንድ ጊዜ ይጭረዋል፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ ጫን ይለዋል፣ ቀጭ ብሎ በመስመሩ ይለያል። ጭረቱ ከላይ ላዩን የነካ ነው። ቀሪውን ውፍረት ማን ቆረጠው? መስታወቱ ራሱን።

አሁን ወደ መኪናችን እንምጣ። የፊት መስታወት ላይ ጠጠር ይመታል፣ ወይም የዝናብ መጥረጊያው ጎማ አልቆ ብረቱ ይጭረዋል። ሾፌሩ በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ "ምንም አይልም" ይላል። እውነትም ለሁለት ለሦስት ወር ምንም አይልም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መኪናው ቆሞ ካደረበት ሲመጣ ስንጥቁ ከግራ ጥግ እስከ መሀል ሄዶ ያገኘዋል። "ማንም ሳይነካው! ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!" ይላል። ዓይን አይደለም። ግን "ማንም ሳይነካው" ያለው ነገር እውነት ነው፣ ለዚህም ማብራሪያ ለማግኘት የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የዛሬው ታሪክ ስለዚያ ነው።

የእጅ ባለሙያዎች ነገሩን በተግባር ያወቁት ጥንት ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን ቴዎፊሎስ በሚል ስም የጻፈ መነኩሴ ለቤተ ክርስቲያን መስኮት የሚሆን መስታወት እንዴት እንደሚከፈል አስቀምጧል፤ ብረት በእሳት ያግላሉ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ያስነኩታል፣ ስንጥቅ ሲጀምር የጋለውን ብረት እየመሩ በፈለጉት አቅጣጫ ይወስዱታል። ኋላ አልማዝ መጣና ሥራው ቀለለ። እንግዲህ ሙቀት ስንጥቅን እንደሚነዳ፣ ጭረት ደግሞ ስንጥቅን እንደሚጠራ ባለሙያው በእጁ ያውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም፣ እንጀራው ከወጣለት ምን ቸገረው።

"ለምን?" የሚለው በሒሳብ የተመለሰው በ1913 ነው። ቻርልስ ኢንግልስ የሚባል የካምብሪጅ ሰው ለመርከብ መሐንዲሶች ማኅበር አንድ ጥናት አቀረበ። ነገሩን ለተማሪ እንደማስረዳው ላስረዳችሁ። አንድ ሰሌዳ ከሁለት ወገን ሲጎተት ጉልበቱ በውስጡ እንደ ወንዝ ውሃ ይፈሳል በሉ። መሀል ላይ ቀዳዳ ካለ ውሃው ድንጋይ እንዳጋጠመው ዞሮ ያልፋል፣ ዳርና ዳሩ ላይም ይጣደፋል። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ዳሩ ላይ ያለው ጫና 3 እጥፍ ይሆናል። ቀዳዳው ተጠፍጥፎ ርዝመቱ ከስፋቱ 10 እጥፍ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ጫና 21 እጥፍ ይደርሳል። ጭረት ማለት እንግዲህ በጣም የተጠፈጠፈ ቀዳዳ ነው፣ ጫፉም ስል ነው። መስታወቱ በሙሉ ዘና ብሎ ተቀምጦ እያለ ያቺ ጫፍ ብቻዋን ሰውነቷ ሊበጠስ ተወጥራለች።

ብረት ቢሆን እዚያች ጫፍ ላይ ትንሽ ይለጠጥና ስለቱ ይዶለዱማል፣ ነገሩም ይበርዳል። መስታወት ግን መለጠጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ይይዛል ወይ ይለያያል።

ሆኖም የኢንግልስ ሒሳብ አንድ ችግር ነበረበት። በእሱ ስሌት የሚወስነው የቀዳዳው ቅርጽ እንጂ መጠኑ አይደለም። ቅርጹ አንድ እስከሆነ ድረስ በዓይን የማትታይ ጭረትና የክንድ ያህል ስንጥቅ እኩል ይጎዳሉ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሁላችንም እንደምናየው እውነት አይደለም።

እዚህ ላይ የታሪካችን ዋና ሰው ይመጣል። አላን አርኖልድ ግሪፍዝ ይባላል፣ በ1893 ለንደን የተወለደ መሐንዲስ። በ1915፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጋጋም፣ ፋርንቦሮ በሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠረ። የተነሣበት ጥያቄ መስታወት አልነበረም። ጥያቄው ይህ ነው፤ የማሽን ብረት ላይ ያለ ጥቃቅን ጭረት ጥንካሬውን ምን ያህል ይቀንሰዋል? ብረቱ ተወልውሎ ሲያብለጨልጭ ብዙ ይቆያል፣ ሻካራ ሆኖ ሲቀር ቶሎ ይሰበራል። ለምን? ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ተከታይ ሳይንስ የተጀመረው በጭረት ጥያቄ ነው።

ግሪፍዝ ለሙከራ የመረጠው መስታወትን ነው። ምርጫው ብልህነት ነበር፣ ምክንያቱም ብረት ባሕርይው የተወሳሰበ ነው፣ መስታወት ግን እንደ ሕፃን ልጅ የሆዱን አይደብቅም። የመስታወት አምፖሎችንና ቱቦዎችን ወሰደ፣ በአልማዝ ወይም በጠንካራ ብረት ጭሮና ቀስ አድርጎ መትቶ የታወቀ ርዝመት ያለው ስንጥቅ አወጣባቸው፣ ከዚያ ውስጣቸው ውሃ እየገፋ እስኪፈነዱ ጠበቀ። 4 ሚሊሜትር ገደማ ስንጥቅ የነበረበት በካሬ ኢንች 864 ፓውንድ ጫና ላይ ሄደ። 23 ሚሊሜትር ገደማ ስንጥቅ የነበረበት ደግሞ 366 ላይ። ስንጥቁ ወደ 6 እጥፍ ሲረዝም ጥንካሬው ከግማሽ በታች ወረደ። ቁጥሮቹን ሲያስተያይ ሕግ ሆነው ተገኙ፤ ስንጥቅ 4 እጥፍ ሲረዝም መስታወቱ የሚችለው ጫና በግማሽ ይቀንሳል።

ማብራሪያውን ደግሞ ከገቢና ወጪ ጋር አመሳስሉት። ስንጥቅ ወደፊት ለመሄድ አዲስ ገጽ መክፈት አለበት፣ ያ ወጪ ነው፣ የአተሞችን ትስስር መበጠስ ነውና። በሌላ በኩል ስንጥቁ በሄደ ቁጥር በዙሪያው የተወጠረው መስታወት ይፈታል፣ የታመቀ ጉልበቱን ይለቃል፣ ያ ገቢ ነው። ወሳኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። ርዝመቱ 2 እጥፍ ሲሆን ወጪው 2 እጥፍ ይሆናል፣ ገቢው ግን 4 እጥፍ። ስለዚህ ስንጥቁ አጭር ሳለ ወጪው ስለሚበልጥ አይንቀሳቀስም፣ ድሀ ነው። የሆነች ርዝመት ላይ ሲደርስ ግን ራሱን መቻል ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። በመስታወት ውስጥ በሰከንድ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ይሮጣል። "ቀጭ" ብሎ የምንሰማው ያንን ነው።

ጭረት ስንጥቅ የሚሆነው እንዲህ ነው እንግዲህ። ጭረት ማለት ገና ገቢው ወጪውን ያልሸፈነለት ስንጥቅ ነው። ወይ እሱ ትንሽ ይርዘም፣ ወይ በመስታወቱ ላይ ያለው ውጥረት ይጨምር፣ ሚዛኑ ይገለበጣል።

ግሪፍዝ በዚህ አላበቃም። መስታወት እያቀለጠ እንደ ክር ጎተተው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 170 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ተበጠሰ። ከሰው ፀጉር ብዙ ጊዜ የሚቀጥነው፣ 3 ማይክሮን ገደማ የሆነው ክር ግን 3,400 ገደማ ቻለ። ያው መስታወት ሃያ እጥፍ ጠነከረ! ክሩ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ እንከን ለመያዝ ቦታ የለውም። በሌላ አነጋገር መስታወት በተፈጥሮው ደካማ ዕቃ አይደለም፣ እኛ የምናውቀው መስታወት ሁሉ ግን ተጭሮ ያለቀ ነው። ጥናቱ በ1920 ቀርቦ በ1921 ታተመ።

ታዲያ ይህን ያገኘ ሰው ምን ተደረገለት? ጄምስ ጎርደን የሚባለው የቁሳቁስ ሳይንስ ጸሐፊ እንደሚተርከው ግሪፍዝና ባልደረባው አንድ ማታ መስታወት የሚያቀልጡበትን የጋዝ ነበልባል ሳያጠፉት ሄዱ፣ ቤቱ ተቃጠለ። በምርመራው "በመስታወት ጊዜህን ማባከን ተው" ተብሎ ወደ ሞተር ክፍል ተዛወረ። እዚያም ቢሆን ሰነፍ አልነበረም፣ የጄት ሞተር መጭመቂያና ተርባይን አሠራር ላይ በ1926 ትልቅ ጥናት ጽፏል፣ ኋላም ሮልስ ሮይስ ገብቷል። የጭረቱ ጉዳይ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳይጠይቀው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የብረት መሐንዲሶች "እሱ ለመስታወት ነው፣ እኛን ምን አገባን" አሉ።

ያገባቸዋል እንጂ። ጥር 16 ቀን 1943 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ቆማ ሳለች ለሁለት ተሰበረች። ማንም ሳይነካት! እንደኛ ሾፌር መስታወት። በዚያ ጦርነት ጊዜ በብየዳ ከተሠሩት መርከቦች ብዙዎቹ ላይ ስንጥቅ ታየ፣ መነሻውም ብዙ ጊዜ የብየዳ እንከን ወይም የመጫኛ ቀዳዳቸው ስል ማዕዘን ነበር። ብረቱ በብርድ ጊዜ እንደ መስታወት ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነው ጆርጅ አርዊን የሚባል አሜሪካዊ በባሕር ኃይሉ ቤተ ሙከራ የግሪፍዝን ጽሑፍ አንሥቶ ለብረት እንዲሠራ ያስተካከለው።

በ1954 ደግሞ ኮሜት የተባለው የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት በጥር 35 ሰው፣ በሚያዝያ 21 ሰው ይዞ አየር ላይ ተበተነ። መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ አውሮፕላን የውሃ ገንዳ ውስጥ ከትተው ውስጡን በውሃ ግፊት እየሞሉና እያስተነፈሱ ፈተኑት። ከ3,000 ዙር ትንሽ አለፍ ሲል አካሉ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ተቀደደ። ፈተናው የተደረገው የት መሰላችሁ? ፋርንቦሮ! ግሪፍዝ አምፖል በውሃ ያፈነዳበት ግቢ። በእኔ እይታ በምህንድስና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን አጋጣሚ ጥቂት ነው።

እሺ፣ ወደ መስታወታችን እንመለስ። አንድ ነገር ቀርቷልና፤ ለምንድነው ለሦስት ወር ዝም ብሎ የቆየው?

መልሱ ውሃ ነው። ሉዊ ግረኔ የሚባል ፈረንሳዊ በ1899 መስታወት ጫና ለረጅም ጊዜ ሲሸከም በቀነሰ ጉልበት እንደሚሰበር ልብ ብሎ ነበር። በ1967 አሜሪካዊው ሼልደን ቪደርሆርን ምክንያቱን በልኬት አሳየ፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ስንጥቁ ጫፍ ውስጥ ይገባል፣ የተወጠረውን የሲሊኮንና የኦክስጅን ትስስር አንድ በአንድ እየፈታ ይሄዳል። በዓይን በማይታይ ዝግታ። እርጥበት በበዛ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ "ምንም አይልም" የተባለው ጭረት በክረምቱ ሙሉ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ ይቆይና ያቺ ገቢው ወጪውን የሚበልጥባት ርዝመት ላይ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ጉድጓድ፣ ወይም አንድ የበር አዘጋግ፣ ወይም የሌሊት ብርድ ይበቃዋል።

ብርዱንና ሙቀቱን ደግሞ መነኩሴው ቴዎፊሎስ ነግሮናል። መሀሉ ፀሐይ በልቶት ሲሰፋ ጠርዙ ጎማ ውስጥ ተሸጉጦ ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ስለዚህ ጠርዙ ይወጠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የጋገረውን መስታወት በፈላ ውሃ የሚያጥብ ሰው፣ ወይም በረሃ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ሰው ያንን የጋለ ብረት በእጁ ይዟል። ጭረት የሌለው መስታወት ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ያለበት ግን አይችለውም።

የመኪና መስታወት ራሱ የዚህ ታሪክ አንድ አካል ነው። በመኪና መጀመሪያ ዘመን የፊት መስታወት እንደ ቤት መስኮት ተራ መስታወት ነበር፣ ግጭት ሲመጣ እንደ ጩቤ ይበተናል። ፓሪስ የሚኖር ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ሠዓሊና የኬሚስትሪ ሰው በ1903 አንድ የመስታወት ዕቃ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰነጣጥቆ ሳይበተን ሲቀር አየ ይባላል። ውስጡ ደርቆ የቀረ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነበር የያዘው። በ1909 ሁለት መስታወት መሀል ሽፋን ያለበትን ሥሪት በስሙ አስመዘገበ። ፎርድ በ1927 መጨረሻ ያወጣው ሞዴል ኤ ይህን ዓይነት የፊት መስታወት ይዞ መጣ። የዛሬውም ያው ነው፤ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ሁለት መስታወቶች፣ መሀላቸው 0.76 ሚሊሜትር ፕላስቲክ።

የጎን መስታወት ግን ሌላ ነው። እሱ በሙቀት የጠነከረ ነው፣ ፈረንሳዊው ደ ላ ባስቲ በ1874 የጀመረው ዘዴ። ግሎ ሳለ ገጹ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ገጹ ተጨምቆ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል። ገጹ ስለተጨመቀ ትንሽ ጭረት አፏን መክፈት አትችልም። ጭረቱ ጠልቆ የተወጠረው ውስጥ ከደረሰ ግን መስታወቱ በአንድ ጊዜ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል። ለዚህ ነው የጎን መስታወት ለረጅም ጊዜ ተሰንጥቆ ሲነዳ የማታዩት። የፊቱ ግን ተሰንጥቆም ይቆማል።

እና እኛን ያዘናጋን ይህ ደግነቱ ነው። ስለማይረግፍ ዓመት ሙሉ እንነዳዋለን። ይሁንና ያ መስታወት መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ከሚደግፉት አንዱ ነው። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው ኤርባግ ሲፈነዳ ተደግፎ የሚነፋው እሱን ነው። ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣ የከባድ መኪና መብራት ጭረቶቹ ላይ ሲያርፍ በአራቱም አቅጣጫ ይበታተንና ሾፌሩ ለሁለት ሰከንድ ምንም አያይም። መንገድ ዳር የሚሄደውን ተማሪ አስቡት። እኔ የማስተምርበት አካባቢ ልጆች ከማታ ትምህርት የሚመለሱት በአስፋልት ዳር ነው፣ ስለዚህ ይህ ለእኔ የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ጭረቱ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከአቧራ። የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ፣ ኳርትዝ ደግሞ ከመስታወት ይጠነክራል። ጨርቅ መስታወት አይጭርም፣ አቧራ የያዘ ጨርቅ ግን የብርጭቆ ወረቀት ነው። ረዳቱ ደረቅ መስታወት በደረቅ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ ሲያደርግ፣ ወይም ሾፌሩ ውሃ ሳይረጭ የዝናብ መጥረጊያውን ሲያስነሣ የሚሆነው ይኸው ነው። እነዚህ ጭረቶች ግን ጥልቀታቸው ትንሽ ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት እይታን ነው። ወደ ስንጥቅ ለማደግ የሚቸኩለው ጠጠር የመታው ቦታና፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ጠርዙ ነው። መስታወት ሲገጠም ወይም ሲወጣ በካቻቢቴ እየተጎረጎረ የሚቆስለው ጠርዝ ጎማው ስለሚሸፍነው አይታይም። ውጥረቱ ደግሞ እዚያው ነው። አዲስ ተገጥሞ በሳምንቱ "ማንም ሳይነካው" የተሰነጠቀ መስታወት ካያችሁ መጀመሪያ ጠርዙን ጠርጥሩ።

የሚደረገው ምንድነው? ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ሳቡት። ጥፍር ካልያዘው ጥልቀት የለውም፣ የመነጽር ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ዱቄት ሊወለወል ይችላል፣ በጣም ከተፋቀ ግን እይታ ያጣምማል። ጥፍር ከያዘው፣ ወይም ጠጠር መትቶት ኮከብ ከሠራ፣ አቧራና ውሃ ሳይገባበት በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ፈሳሽ ሙጫ ወደሚሞላ ባለሙያ ውሰዱት። ሙጫው ሁለቱን ወገን ያያይዛል፣ እርጥበቱንም ከጫፉ ያግዳል። በያጆች ብረት ላይ እንደሚያደርጉት ጫፉን በድሪል መብሳትም የኢንግልስ ሒሳብ የሚደግፈው ነው፣ ስሉን ጫፍ ክብ ያደርገዋልና፣ መስታወት ላይ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ስንጥቁ ጠርዝ ከነካ ወይም ከሾፌሩ ዓይን ፊት ካለ መስታወቱ መቀየር አለበት። እስኪቀየር ድረስ የፈላም የቀዘቀዘም ውሃ አትድፉበት፣ በሩንም ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት።